ሞተሩ ሳይሞቅ

ጠዋት ጠዋት እየተንዘፈዘፈ የሚያስመርር፣ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት የሚሆን የድሮ መኪና ለመካኒክ ከባድ ፈተና ነው። ባለቤቱ ነድቶ ጋራዥ እስኪደርስ ሞተሩ ይሞቃል፤ ብልሽቱም አብሮ ይጠፋል። መካኒኩ ኮፈን ከፍቶ ጆሮውን ሲያቀርብ የሚሰማው ጤነኛ ሞተር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መገመት፣ ወይ ብልሽቱ በሚታይበት ሰዓት እዚያው መገኘት። የሚገምተው ካንዴላ ይቀይራል፣ ካልሆነ ፑንቲና፣ ካልሆነ ቦቢና፣ በመጨረሻ ካርቡራተር። አንዳንዴም ይሳካለታል። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ሌላው ዓይነት ሰው ነው፤ ሳይፈታ ስለሚያይ፣ ሳይቀይር ስለሚለካ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጠብቅ ባለሙያ። እንዲህ ያለውን ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ቆሜ አይቻለሁ፤ ካየኋቸው የእጅ ሥራዎች ሁሉ ከፍ አድርጌ የምይዘው ነው።

መኪናው ቮልስ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ቮልስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን ያልሰማ ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥቷል። ይኼኛው ባለ 1285 ሲሲ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ። ባለቤቱ ወጣት መምህርት ናት፤ ከአባቷ ወርሳዋለች። በእሷ እጅ ከገባ ወዲህ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ የካንዴላ ገመድ፣ አዲስ ቦቢና ተገዝቶለታል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ካርቡራተሩ አልቋል» ተብላ ሶማሌ ተራ ሄዳ ተመሳሳዩን ልትፈልግ ስትል ነው ሰው ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ የመራት።

አዛውንቱ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ጥያቄ ጀመሩ።

«ማስነሳቱ ነው የሚያስቸግርሽ ወይስ ከተነሳ በኋላ?»

«መነሳትስ ይነሳል ጋሼ። ትንሽ ቆይቶ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

«ትንሽ ስትዪኝ፣ ከቤትሽ እስከ የት?»

«ዳቦ ቤቱ ጋ እስክደርስ ደህና ነው። ከዳቦ ቤቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይንዘፈዘፋል፤ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ካነሳሁ ይጠፋብኛል። አስፋልቱን ይዤ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይስተካከላል።»

«ከማስነሳትሽ በፊት ነዳጅ መስጫውን ትረግጪዋለሽ?»

«አባቴ አንዴ እስከ ታች ርገጪና ልቀቂ ይለኝ ነበር።»

«አባትሽ ልክ ናቸው፣ ልጄ።»

ይህን ጥያቄ ብዙ መካኒክ አይጠይቅም፤ መልሱ ግን ብዙ ነገር ይዘጋል። የዚህ ቮልስ ካርቡራተር አውቶማቲክ ቾክ አለው። በብርድ የሚኮማተረው ስፕሪንግ የቾኩን ክዳን ሊዘጋው ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ባለ ደረጃ ብረት ስለሚያግደው፣ ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን አንዴ ረግጦ ካልለቀቀለት ክዳኑ አይዘጋም። ሳይረግጥ የሚያስነሳ ሰው ቾክ የሌለው መኪና ነው የሚያስነሳው። ስንት ካርቡራተር በዚህ ምክንያት ብቻ ተፈትቶ ይሆን!

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ክብደት አለው፤ የዳቦ ቤቱ። መኪናው ሲነሳ ደህና ነው፣ ከዚያ ይታመማል፣ ከዚያ ይድናል። አዛውንቱ ይህን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ምንም ሳይናገሩ «ዛሬ እዚህ ይደር። ጠዋት እኔ ሳልመጣ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ» አሉ። ረዳታቸው መኪናውን ገፍቶ ጥግ አስያዘው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሞተር ሲቀዘቅዝ ለምን እንደሚያስቸግር ልናገር፤ የእጃቸው ጥበብ ያለዚህ አይታይም።

ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይቃጠልም። መጀመሪያ ተን ሆኖ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው አንዱም ሳይተርፍ ይቃጠላሉ። በቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ግን ካርቡራተሩ ከረጨው ቤንዚን ብዙው የማኒፎልዱን ግድግዳ አርሶ እዚያው ይቀራል፤ ሲሊንደር የሚደርሰው ቅልቅል የሳሳ ነው። የሳሳ ቅልቅል አንዴ ይቀጣጠላል፣ አንዴ ይከሽፋል፤ መንዘፍዘፉ ይኸው ነው። ቾክ አየሩን አፍኖ ቤንዚኑን ያበዛል፤ ግድግዳው ላይ ከሚቀረው ተርፎ የሚቃጠል እንዲገኝ። ይሁን እንጂ ቾክ ለጊዜው ነው። ዋናው ነገር ማኒፎልዱ መሞቁ ነው። ሊጥ ባልጋለ ምጣድ ላይ ቢፈስ ዓይን እንደማያወጣ ሁሉ ቤንዚንም ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ተረጭቶ ተን አይሆንም።

ነገሩን የሚያብሰው ተን መሆን ራሱ ሙቀት መውሰዱ ነው። ውጭው ከዜሮ በብዙ ዲግሪ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ የካርቡራተሩ አንገት ከዜሮ በታች ሊወርድ፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እዚያው ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል። የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት፣ ያ ጭጋግና ካፊያ፣ ለዚህ የተመቸ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ አልፋለች፤ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ አገር የተለካ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቾክ ሳይከፈት ቢዘገይ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቢቸኩል ሞተሩ ይንዘፈዘፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

ቮልስን የሠሩት መሐንዲሶች ይህን ሁሉ አስበውበታል፤ አሠራራቸውን ባየሁ ቁጥር አደንቃለሁ። አየር ማጣሪያው በብርድ ሰዓት የሚስበው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሞቀውን አየር ነው። ከቀኝ ሲሊንደሮች ሥር ደግሞ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ የሚለጠጥ ቴርሞስታት ተቀምጧል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ማቀዝቀዣውን አየር ያግዳል። (ብዙ ቮልስ ላይ ይህ ዕቃ ወልቆ ተጥሏል፤ «እዚህ አገር አያስፈልግም» እየተባለ። ያስፈልጋል።) ከካርቡራተሩ ሥር ደግሞ ከማኒፎልዱ ጋር ተጣብቆ ግራና ቀኝ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። ቤንዚን አይገባበትም፤ የሚያልፍበት ትኩስ ጭስ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ማርሚታው ላይ ታስረዋል፤ ጭሱ በአንዱ ገብቶ ካርቡራተሩ ሥር አልፎ በሌላው ይወጣል፤ ሲያልፍም ማኒፎልዱን ያሞቃል። ሌላ ተግባር የለውም።

ቾኩስ? የቾኩን ስፕሪንግ የሚያሞቀው ሞተሩ አይደለም። ስፕሪንጉ በተለያየ መጠን ከሚለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቆ የተሠራ ጥምዝ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ከባትሪው 12 ቮልት ይደርሰዋል፤ በውስጡ ያለው ማሞቂያ ያግለዋል፤ በጥቂት ደቂቃ ይፈታና ክዳኑን ይከፍተዋል። እንግዲህ ቾኩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ፣ ማኒፎልዱ የሚሞቀው በጭስ ነው። አንዱ የሌላውን ሁኔታ አያውቅም። እኩል የሚደርሱት ፋብሪካው አመዛዝኖ ስለለካቸው ብቻ ነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡ ውስጥ ብርዱ ይቆነጥጥ ነበር። አዛውንቱ መጀመሪያ የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ግን ወደ ቁልፉ አልሄዱም፤ ጆንያ አንጥፈው ከመኪናው ሥር ገቡ። ቫልቭ ሊለኩ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ሲሆን የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተነሳ እስከ ማግስቱ የሚታመን ልኬት የለም። ስለዚህ ብርድ የሚፈልገው ሥራ ሁሉ ከማስነሳት በፊት ያልቃል። የሥራ ቅደም ተከተል ማለት ይህ ነው።

የቫልቩን ክዳን ከመክፈታቸው በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጠረጉ፤ አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ረዳታቸው ከላይ ሞተሩን በፑሊው በቁልፍ ያዞራል፤ እሳቸው ከታች የውፍረት መለኪያውን ቀጭን ቅጠል ያስገባሉ። ቅጠሉን የያዙት በሁለት ጣት ነበር፤ ሲገፉት አይታይም፤ ሲስቡት ግን ፊታቸው ላይ ይነበባል። ልኩ የሆነው ቅጠል ያለ ግፊት ይገባል፣ ሲወጣ በስሱ ይያዛል። ያንን ስስ መያዝ የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ሲደርሱ አንዱ ጭስ ማውጫ ቫልቭ በትንሹ ጠበቀባቸው። (ሦስተኛው በቮልስ ታሪክ ሁሌም የሚጠረጠር ነው፤ በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋፋበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ለእሱ ሲሉ ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲተኩስለት አድርገው ሞርደውለት ነበር።) 13 ቁልፍና ካቻቢቴ አጠገባቸው ነበር፤ ማስተካከሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልነኩትም። ረዳታቸውን «ሦስተኛው፣ የጭሱ፣ ጥብቅ» ብለው ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስጻፉትና ክዳኑን መለሱት።

እኔን የገዛኝ ይህ ነው። ጉድለት አይቶ፣ መሣሪያ በእጅ ይዞ፣ አለመንካት። ቫልቩን አስተካክለው ቢያስነሱትና መንዘፍዘፉ ትንሽ ቢቀየር፣ ምን እንደቀየረው ማን ያውቃል? ያልተነካ ብልሽት ብቻ ነው የሚታወቀው።

ከዚያ አየር ማጣሪያውን አነሱ፤ የካርቡራተሩ አፍ ተከፈተ። መምህርቷን «አንዴ ርገጪና ልቀቂ» አሏት። የቾኩ ክዳን ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ሞተሩ ሳይነሳ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጃቸው ሳብ አድርገው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አዩ፤ ከአፍጣኝ ፓምፑ የወጣው ቤንዚን ቀጭንና ቀጥ ያለ ነበር። ቁልፉ አንድ ደረጃ ሲዞር በካርቡራተሩ ጎን ያለው የሚኒሞ መዝጊያ ጠቅ ማለቱን ሰሙ። «ካርቡራተሩ አላለቀም» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

«አስነሺው።»

ተነሳ። ወዲያው ክዳኑ በሞተሩ ስበት ጥቂት ተከፈተ፤ እንደዚያ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል። ድምፁ ከፍ ያለ ግን ወጥ ነበር። አዛውንቱ ሞተሩን አያዩም፤ ክዳኑን ያያሉ። እኛ ሁላችን መንቀጥቀጡን እየጠበቅን ነበር፤ እሳቸው የሚጠብቁት መንቀጥቀጡ ሲመጣ ክዳኑ የት እንደሚሆን ነው። ስፕሪንጉ ሞቀ፤ ክዳኑ ቀስ በቀስ ቀና እያለ ሄደ፤ ግማሽ ሲያልፍ ሞተሩ አንድ ጊዜ ደነቀፈው። ቀጥ ብሎ ሲቆም መንዘፍዘፉ ሙሉ በሙሉ መጣ። ሚኒሞው ወረደ፤ የኋላው መከላከያ ብረት ይርገፈገፍ ጀመር።

«ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስን» አሉ።

ቾኩ እስካለ ድረስ ሞተሩ ደህና ነው። ቾኩ ሲሄድ ይታመማል። ቆይቶ ይድናል። ቾኩ ተከፍቷል፤ ያልደረሰው ማኒፎልዱ ነው። ማለት የሚቻለው ይህን ነበር፤ እሳቸው ግን ገና አላሉም፤ ሌሎቹን በሮች እየዘጉ ሄዱ። ፒንሳ በላስቲክ ጠቅልለው የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅለው መለሱ። አንዱ ሲነቀል ሞተሩ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር መጀመሪያም አይሠራም ነበር ማለት ነው። አራቱም እኩል ተለወጡ። ስለዚህ ችግሩ የአንድ ካንዴላ፣ የአንድ ቫልቭ ወይም የአንድ ገመድ አይደለም፤ የአራቱ የጋራ ነው። ጥብቁ ቫልቭም ከተጠርጣሪነት ወጣ። ቀጥሎ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ማኒፎልዱ ከጎማ ማያያዣው ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ላይ በጠብታ አፈሰሱ፤ ተሰንጥቆ አየር የሚስብ ቦታ ቢኖር ሞተሩ ውሃውን ሲስብ ድምፁ ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም።

በመጨረሻ እጃቸውን ሰደዱ። ያን ቀጭን የጭስ ቱቦ በአንዱ ጫፍ ነኩትና ወዲያው አነሱ፤ ያቃጥላል። ወደ መሃል ሲመጡ ለብ ያለ ነው። በሌላው ጫፍ እጃቸውን ጭነው ያዙት። ያዙት፣ ያዙት፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቀዝቃዛ ብረት። ከካርቡራተሩ ሥር የማኒፎልዱ አንገት በላብ ረጥቧል። የመምህርቷን እጅ ጠርተው ያንኑ ቦታ አስነኳት፤ ከዚያ እኔን። ጭሱ ገብቶ መውጫ አጥቷል።

ሞተሩ ጠፍቶ እስኪበርድ ድረስ ያለፉትን ሥራዎች አነበቡልን፤ ማንንም ሳይወቅሱ። የቾኩ ሽፋን ላይ አንድ ምልክት አለ፤ ከካርቡራተሩ አካል ላይ ካሉት ምልክቶች ከመሃለኛው ጋር መግጠም አለበት። ይኼኛው ተሻግሮ ዞሯል። አንድ መካኒክ መኪናው ሲንዘፈዘፍ አይቶ ቾኩ ዘግይቶ እንዲከፈት አድርጎታል፤ ለጥቂት ጊዜም ረድቶ ይሆናል። ግን ካንዴላዎቹን ሲያወጧቸው አራቱም በደረቅ ጥላሸት ጠቁረው ነበር፤ ያ ሁሉ ቤንዚን የተቃጠለው ለከንቱ ነው። የጠቆረ ካንዴላ ያየ ሌላ ሰው ደግሞ እሳቱ ደክሟል ብሎ ቦቢና አስገዛ። እያንዳንዱ ከፊቱ ላለው ምልክት መልስ ሰጥቷል። ቱቦውን ግን የነካ አልነበረም።

መፍታቱ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። የማርሚታ ብሎኖች በሙቀትና በዝገት ተጣብቀው ይኖራሉ፤ በጉልበት የሄደባቸው ሰው ራሳቸውን ቆርጦ ይቀራል፤ ከዚያ መሰርሰር፣ ጥርስ ማውጣት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አዛውንቱ ዝገት የሚያላላ ዘይት ቀብተው ምሳ እስኪደርስ ተዉአቸው። ሲመለሱ ቁልፉን አስገብተው መጀመሪያ ያዞሩት ወደ ማጥበቂያው ነው፤ በጣም በጥቂቱ፤ ከዚያ ወደ መፍቻው፤ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ። ብሎኑ ሲጮህ ይቆማሉ፣ ዘይት ይጨምራሉ። ረዳታቸው አጠር ያለውን ቁልፍ ትቶ ረጅሙን ሊያቀብላቸው ሲል «በአጭሩ ካልተፈታ በረጅሙ ይቆረጣል» አሉት። አንድም ሳይቆረጥ ሁሉም ወጡ። በተራቸው ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው፤ የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ።

የአየር ማራገቢያውን ሽፋን አላቀው ከፍ አድርገው ማኒፎልዱን ሲያወጡት ነገሩ ታየ። ማርሚታው ኦሪጅናሉ አይደለም፤ አሮጌው በስብሶ በሌላ የተተካ ነው። ብየዳው ጥሩ ነበር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም በቦታቸው ናቸው። ነገር ግን በአንዱ በኩል ቱቦው የሚገጥምበት ገጽ ላይ፣ በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል፣ ጭሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልተሰረሰረም። ድፍን ብረት። የሠራው ሰው ቱቦው ማኒፎልዱን ለመደገፍ የታሰረ መስሎታል። የጭስ ቱቦውም መውጫ ካጣ ወዲህ ጥላሸቱ ውስጡ ጠጥሮ ለብቻው ደፍኖታል።

ሥራው ከዚህ በኋላ ረጅም ነበር፣ ለዓይን ግን ቀላል። ድፍኑን ብረት ለቱቦው ልክ ሰረሰሩት፤ የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለሰለሱት፤ ብናኙን እያራገፉ አወጡት። አሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ ቆርጠው፣ ጫፉን በትነው፣ በመሰርሰሪያ ላይ አስረው ቱቦው ውስጥ ላኩት፤ ከሰል እየተፈረፈረ ወረደ። በአየር ነፉ፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው መቱ፣ እንደገና ነፉ፤ በአንዱ ጫፍ ብርሃን አብርተው በሌላው እስኪያዩት ድረስ። ያረጁትን ጓርኒሲዮኖች ፍቀው ገጹን አጸዱ። ከሁለቱ አዳዲስ ጓርኒሲዮኖች አንዱ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ነው፤ ጭሱ ከሚፈለገው በላይ እንዳይሮጥ። የትኛው በየት በኩል እንደሚገባ ለረዳታቸው ሁለት ጊዜ አሳዩት። ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ቦርሸው፣ ጥርሳቸውን ቀብተው፣ መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ እያፈራረቁ በቁልፍ አጠበቋቸው። የቾኩን ሽፋን ምልክት ወደ መሃሉ መለሱት።

ተነስቶ ሲሠራ ድምፁ የሚያስደስት ነበር። መምህርቷ ቦርሳዋን አነሳች።

«ገና ነው ልጄ። ዛሬ እኮ በቀን ሙቀት ነው የተነሳው። ነገ ጠዋት ይታያል።»

ብልሽቱ የብርድ ከሆነ ማረጋገጫውም የብርድ ነው። ሌላ ሌሊት አደረ። ጠዋት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርድ፣ አንዴ ተረግጦ ተለቀቀና ተነሳ። ክዳኑ ግማሽ ሲያልፍ ሁላችንም ዝም አልን። አልደነቀፈውም። ቀጥ ሲል ሚኒሞው ወርዶ በቦታው ተቀመጠ። አዛውንቱ የቱቦውን ሁለቱን ጫፎች ተራ በተራ ነኩ፤ ሁለቱም አቃጠሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩ በርዶ፣ በጠመኔ የተጻፈው ሦስተኛ ቫልቭ 0.15 ላይ የተስተካከለው።

ይህ አስተሳሰብ ለቮልስ ብቻ የሚሆን አይደለም። ቶዮታ ዲኤክስ ላይ ጭስ ማውጫው ከማስገቢያው ሥር የሆነው ለተመሳሳይ ምክንያት ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቴርሞስታቱ ከወለቀ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ካርቡራተር በሌለው አዲስ መኪና ላይ ደግሞ የውሃ ሙቀት መለኪያው የተሳሳተ መልእክት ከላከ ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛውን ሞተር እንደሞቀ ቆጥሮ ቤንዚን ይነፍገዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚያበዛው ክፍል ከመተዉ በፊት የሚያሞቀው ክፍል ደርሷል ወይ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ያሉት ግን አሉ፤ ለብዙ ዓመትም ይሠራሉ። የሚያውቋቸው እጆች እያነሱ ነው። ስለዚህ የድሮ መኪና ያላችሁ፣ ጠዋት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ማታ ጋራዥ አስገቡትና አሳድሩት፤ ጠዋት መካኒኩ ፊት ሳይሆን አታስነሱት። መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚተው፣ ከቤት እስከ የት እንደሆነ አስታውሳችሁ ንገሩት። ሞተሩ እስኪበርድ የሚጠብቅ ባለሙያ ካገኛችሁ ደግሞ፣ አዲስ ዕቃ ስላልቀየረ ዋጋውን አትቀንሱበት።